ዝም ያለው ድረ ገጽ፦ የሕግ ጽሑፍ ወደ ዓይነ ስውር አንባቢ የተጓዘበት መንገድ

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ከሙያህ ጋር የተያያዘ ታሪክ ነክ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጥብቅና ሕጋችን ለውጥ ልጽፍ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጉዳይ አላስቀምጥ አለኝ። ጉዳዩ የጀመረው ከትንሿ ቢሯችን ነው፤ ምንጩን ስፈልግ ግን ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ወደ ኮምፒውተር ፊደላችንና ወደ ዶርማችን መለሰኝ።

እንደምታውቁት ለረጅም ጊዜ ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣውም የሚሠራውም በየግሉ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲወጣ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ቻሉ። እኛም አራት ሆነን አንድ ላይ ገባን። ቢሮ ተከራየን፣ ማኅተም አስቀረጽን፣ ድረ ገጽም አሠራን። ድረ ገጹ ለሚያየው ሰው እውነትም ያምር ነበር። ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ የቁም ጽሕፈት የሚመስል ፊደል፤ የሠራልን ልጅ የተመሰገነበት ሥራ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አንድ ጎልማሳ ሰው ነጭ ዘንጋቸውን ይዘው ቢሯችን መጡ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ በአንድ የግል ድርጅት ለብዙ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ተሰናብተዋል። የስንብት ደብዳቤውን ተቀብዬ ቀኑን ቆጠርኩ። ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የሕግ ሰዎች የሆናችሁ ወዲያው ገብቷችኋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

«ምነው ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ?» አልኳቸው።

«መጥቼ ነበር እኮ» አሉኝ። «ስማችሁን ሰው ነግሮኝ በስልኬ ድረ ገጻችሁ ውስጥ ገባሁ። ዝም አለኝ። ከላይ እስከ ታች ብነካካው አንድ ቃል አልወጣውም። ዘግተው ሄደዋል ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ሌላ ጠበቃ የሚጠቁመኝ ሰው እስካገኝ ጊዜው ሄደ።»

ያልተከፈላቸውን ደመወዝና የስንብት ክፍያ ለመጠየቅ ሕጉ ስድስት ወር ስለሚሰጥ እሱን አስከበርንላቸው። ሥራቸውን ግን አላስመለስንም። እኔ በዚህ ሙያ ስኖር በራሴ ስንፍና ቀጠሮ አሳልፌ አላውቅም፤ ይሄኛውን ግን እኔ ሳላውቀው ድረ ገጼ አሳለፈው።

ከዶርም የተጀመረ ንባብ

ማታ ለዶርም ጓደኛዬ ደወልኩለት። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ዛሬ ጠበቃ ነው፣ ያኔም እንደዛሬው ዓይነ ስውር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማታ ማታ ተራ ገብተን እናነብለት ነበር። አንዳንዴ በካሴት እንቀዳለታለን፤ እሱ ደግሞ እየሰማ በብሬይል ይነቁጣል። ምን ልበላችሁ፣ ውለታ የምንውልለት እየመሰለን የተማርነው እኛ ነበርን። የራሴን ማስታወሻ ዘለል ዘለል እያደረግኩ ነው የማነበው፤ ለሱ ግን አንድ ቃል መዝለል አይቻልም። ፈተና ሲደርስ ሕጉን በቃሌ ያወቅኩት ለሱ ያነበብኩትን ነው።

አንድ ማታ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ስለ ውል እያነበብኩለት አንቀጽ 1728 ላይ ደረስን። አንቀጹ ስለ ፊርማና ስለ ጣት አሻራ ይናገራል። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የሚያደርገው ምልክት፣ ውል አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠለት በስተቀር አያስገድደውም። ጓደኛዬ ብሬይሉን አስቀምጦ ሳቀ። «ቆይ ቆይ፣ ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት። «እንግዲህ እኔ በስድስት ነጥብ ይሄን ሁሉ ሕግ ስጽፍ አድሬ፣ በሕጉ ዓይን ካልተማረው ጋር አንድ ነኝ ማለት ነው?»

ያኔ ሳቅን፣ አለፈ። ዛሬ ሳስበው ግን የጉዳዩ ታሪክ በሙሉ እዚያ አንቀጽ ውስጥ ነበር። የ1952ቱ ሕግ አውጪ ክፉ አላሰበም፤ ዓይነ ስውሩ እንዳይታለል ነው የፈለገው። አንቀጽ 340ም እንዲሁ ነው። ዓይነ ስውራን፣ መስማትና መናገር የተሳናቸውና ሌሎች ዘላቂ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች፣ በጉዳታቸው ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፣ አእምሯቸው ለጎደለ ሰዎች የተሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ጥበቃ ነው። ግን ሰውየው ራሱ ጽሑፉን ቢያነበው ጥበቃው አያስፈልገው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ጽሑፍ ማለት ለዓይን የተሠራ ነገር ነበራ!

በ1956 ዓ.ም. በዲን ጄምስ ፖል መሪነት የሕግ ፋኩልቲያችን ሲከፈት የሚያስተምረው እነዚህን አዳዲስ ኮዶች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አካል ጉዳተኛን የሚያይበት ዓይን ቀስ እያለ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ትእዛዝ ቁጥር 70፣ አካል ጉዳተኛን የተረጎመው በጤናው ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ ያልቻለና ረዳት የሌለው ሰው አድርጎ ነው። አዋጅ ቁጥር 101/1986 ደግሞ የሥራ መብት ያለው ሠራተኛ አድርጎ አየው፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 መብቱን አጠናከረው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀበለችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት እንግዲህ የአገራችን ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 9 መረጃና የመረጃ ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆን ይላል፤ አንቀጽ 13 ስለ ፍትሕ ማግኘት ነው፤ አንቀጽ 21 ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶች፣ በኢንተርኔት የሚሰጡትን ጨምሮ፣ መረጃቸውን አካል ጉዳተኞች በሚጠቀሙበት መልክ እንዲያቀርቡ መንግሥታት እንዲያበረታቱ ያዛል። የጥብቅና ቢሮ ከዚህ የት ይሸሻል?

ይህ ለውጥ በወረቀት ብቻ የመጣ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲያችን በሕግ የተመረቀችው የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው በዚሁ የመብት ትግል ነው። ሕጉ ከጥበቃ ወደ መብት እንዲሻገር ካደረጉት መካከል እኛ ያነበብንላቸው ልጆች አሉበት ማለት ነው።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ከተጓዘ የኔ ድረ ገጽ ለምን ዝም አለ?

ልብስ የለበሰ ላቲን

መልሱ ያለው በፊደላችን ታሪክ ውስጥ ነው። በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ የጀመርንበትን ጊዜ አስታውሱ። ኮምፒውተሩ ግዕዝ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። የኛ ባለሙያዎች መላ ዘየዱ፦ ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ የአማርኛን ቅርጽ አስቀመጡ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እያልን የተጠቀምንባቸው ሁሉ በዚያ ዘመን የኖሩት በዚህ መላ ነው። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ስንት መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት አቤቱታ በነሱ ተተይቧል።

ነገር ግን ማሽኑ በውስጡ የሚያውቀው ላቲኑን ነበር፤ ፊደላችን ላዩ ላይ የለበሰው ልብስ ነው። ያንኑ ፋይል ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ስትወስዱት ልብሱ ይወልቅና የቃለ አጋኖ፣ የቅንፍና የእንግሊዝኛ ፊደል ዝንቅ ይሆናል። ለማተም አንድ ሰፈር ተሻግሮ ሄዶ ይህ ያልደረሰበት የኛ ዘመን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኛ ፎንቱን በዲስኬት ይዘን እንዞር ነበር። ለዓይነ ስውሩ ግን ፎንት መያዝም አይጠቅመውም። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ የሚያነበው ልብሱን ሳይሆን ውስጡን ነው። ጆውስ የሚባለው የታወቀው ስክሪን ሪደር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ቢኖርም፣ በእንዲህ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲመጣ የሚያነበው ትርጉም የሌለው ድብልቅልቅ ነው።

በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ላይ አማርኛ ማውጣት የፈለገ ሰው ሌላ መላ ነበረው፦ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ ማስቀመጥ። ፎቶ የትም አይበላሽም፤ ፎንት ያለውም የሌለውም እኩል ያየዋል። ጥሩ መፍትሔ ነበር። ችግሩ የመጣው በሽታው ከዳነ በኋላም መድኃኒቱን አለመተዋችን ነው።

እ.ኤ.አ. 1999 ለዚህ ታሪክ መታጠፊያ ዓመት ነው። በግንቦት ወር ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች እንዴት ተደራሽ እንደሚሆኑ የሚያስረዳው ዓለም አቀፍ መመሪያ የመጀመሪያው እትም ወጣ። ከአራት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ጨምሮ ወጣ። «ሀ» ከዚያ ቀን ጀምሮ በማንም ቦታ የተዳበለች ሳትሆን የራሷ ቁጥር ያላት ፊደል ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ ሌላው ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ጄምስ ቴም አብሮት ያሳደገው ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው። አማርኛ የሚያነብ ነፃ የኮምፒውተር ድምፅም አለ፤ ድምፁ ብረት የሚያኝክ ቢመስልም ያነባል። ጓደኛዬ «እናንተ ዶርም ውስጥ እያዛጋችሁ ከምታነቡልኝ ይሻላል» ይላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ አማርኛን ፎቶ አድርጎ የማስቀመጥ ቴክኒካዊ ምክንያት አብቅቷል። ልማዱ ግን አላበቃም። የኛን ድረ ገጽ የሠራው ልጅ የተወለደው ከዩኒኮዱ በኋላ ነው። «ለምን ጽሑፉን ፎቶ አደረግከው?» ስለው «ፊደሉ እንዳይበላሽ ነው ጋሼ፣ እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ። የፎንት ዘመን ፍርሃታችንን ወርሶ ነበር። ምክንያቱን ሳይሆን መላውን ብቻ አስተላለፍንለት።

የማኅተም ፍቅር

በኛ ሙያ ደግሞ ሌላ ውርስ አለ። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛና እንግሊዝኛውን በሁለት ዓምድ እያስተያየ ሲታተም ኖሯል። የሕግ ሰው ወረቀቱን ራሱን ማየት ይወዳል፤ ማኅተሙን፣ ፊርማውን፣ ገጽ ቁጥሩን። ስለዚህ አዋጅ ስንለዋወጥ የምንልከው ስካን ነው፤ ውሳኔ ስናስቀምጥም ስካን ነው። ስካን ግን ፎቶ ነው። ለዓይን ሕግ ነው፤ ለስክሪን ሪደር ባዶ ወረቀት ነው። እኛም ደንበኛ መብቱን እንዲያውቅ ብለን ከጫንናቸው ሰነዶች መካከል፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 ራሱ በስካን ተቀምጦ ነበር። ሰውየው መብታቸው የተጻፈበት ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ዝም ብሏቸዋል።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ በፊት ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ የጨዋታዎቹን ድረ ገጽ ማንበብ ስላልቻለ አዘጋጅ ኮሚቴውን ከሰሰ። ካነሳቸው ነገሮች አንዱ በገጹ ላይ ያሉ ሥዕሎች ምን እንደሆኑ የሚገልጽ ጽሑፍ የላቸውም የሚል ነበር። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አድልዎ ተፈጽሟል ብሎ ወሰነ፤ ኮሚቴውም 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። በአሜሪካም አንድ ዓይነ ስውር በዶሚኖስ ፒዛ ላይ ባቀረበው ክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የአካል ጉዳተኞች ሕጉ የኩባንያውን ድረ ገጽና መተግበሪያ ይመለከታል አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም ብሎ አለፈው። በኛ አገር የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖር አዝዟል። የሕንፃውን በር አይተን እንጮኻለን፤ ደንበኛው ዛሬ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ግን ስልኩ ውስጥ ነው።

ጥገናው

ጓደኛዬ ቅዳሜ ቢሮ መጣና ላፕቶፑን ከፈተ። አራታችንም ዙሪያውን ቆመን ሰማን። «ግራፊክ... ግራፊክ... በተን... በተን...» ሌላ የለም። አማርኛው ፎቶ ነው፤ ቁልፎቹ ስም የላቸውም። በጽሑፍ የተቀመጡት ጥቂት የአማርኛ መስመሮችም የገጹ ቋንቋ በኮዱ ውስጥ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ስለተመዘገበ በእንግሊዝኛው ድምፅ እየታለፉ ነበር። የቀጠሮ ፎርሙ አምስት ደቂቃ ሲሞላው የተጻፈውን አጥፍቶ እንደገና ጀምሩ ይላል። ሰው መሆንን ለማረጋገጥ ደግሞ የተጣመሙ ፊደሎችን በፎቶ አሳይቶ «ይህን ጻፍ» ይላል። ጓደኛዬ «ይሄ ደግሞ ሰው አይደለህም አለኝ» ሲል ማንም አልሳቀም።

ሥራው ያሰብነውን ያህል ከባድ አልነበረም። ልጁ በሦስት ሳምንት ማታ ማታ ጨረሰው። ፎቶ የነበረውን ጽሑፍ በሙሉ በዩኒኮድ ተየብነው፤ ቁም ጽሕፈት መሳይ ፎንቱን ደግሞ አልጣልነውም፣ አሁን ልብስ ሆኖ በትክክለኛው ፊደል ላይ ተቀመጠ። የገጹን ቋንቋ አማርኛ ብለን አስመዘገብን። ለያንዳንዱ ፎቶ ምን እንደሚያሳይ አንድ አንድ መስመር ጻፍንለት። ርዕሶቹን በኮድ ርዕስ አደረግናቸው፤ ምክንያቱም ዓይነ ስውር አንባቢ እንደኛ ገጹን ቃኝቶ ሳይሆን ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ነው የሚፈልገው። ፎርሙ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ስም ሰጠነው፤ ጊዜ ገደቡንና የተጣመመውን ፊደል አነሳነው። ሁሉም ነገር ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ እንዲሠራ ሆነ። ስልክ ቁጥራችን ከላይ በመጀመሪያው መስመር ገባ።

ወርቃማው ጽሑፍ ግማሹ ነጭ መደብ ላይ ነበር። መመሪያው በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል፤ የኛ ወደዚያ አይደርስም። አጠቆርነው። ማን አመሰገነን መሰላችሁ? ከቢሮው ታላቅ የሆኑት ባልደረባችን፤ መነጽራቸውን ሳያጠልቁ ማንበብ ቻሉ። መስማት ለተሳናቸው ደንበኞች «ይደውሉልን» ከሚለው ጎን በጽሑፍ መልእክት ቀጠሮ የሚያዝበትን መንገድ ጨመርን፤ ቪዲዮዎቻችን ሥር ጽሑፍ ገባ። ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ይህንንም ሳንደብቅ ጻፍነው፤ ደረጃ ለሚያስቸግረው ሰው ምድር ቤት ወርደን እንደምናገኘውም ጨመርን። ስካን የሆኑትን አዋጆች አላወረድናቸውም፤ ማኅተሙን ማየት የሚፈልግ አለ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጎን ዋና ዋና አንቀጾቹን ተይበን አስቀመጥን። ይህ ሥራ ገና አላለቀም።

ጓደኛዬ ተመልሶ መጥቶ ስልክ ቁጥራችንን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እዚያው ቁጭ ብሎ ደወለ፤ የቢሮው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አነሳሁት። «ጠበቃ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

ኦፕሬተሩን ስለ ድረ ገጹ ደውዬ ነገርኳቸው። ገብተው አዩት። «አሁን ይናገራል» አሉኝ፤ ቀጥለውም ሌላ ቦታ ሥራ ፍለጋ ላይ መሆናቸውን ነገሩኝ። ለዚህ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ለመምህራኖቻችንና ለቢሮ ባለቤቶቻችን አንድ ነገር ልለምን። ዛሬ ማታ የስልካችሁን ጽሑፍ አንባቢ ከቅንብሩ ውስጥ አብሩትና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የራሳችሁን ቢሮ ስልክ ቁጥር፣ ወይም ለተማሪዎቻችሁ የላካችሁትን የንባብ ሰነድ ፈልጉ። የምትሰሙት ይበቃችኋል።

ለዓመት መጽሐፉ አዘጋጆችም ይህን ጽሑፍ ስሰጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጫለሁ፦ መጽሐፉ በቴሌግራምና በኢሜይል ለአባላት ሲላክ ስካን እንዳይሆን፣ ፊደሉ ፊደል ሆኖ እንዲላክ። እሺ ብለውኛል። በዶርም ዘመናችን ለጓደኛዬ ስንት ሌሊት እንዳነበብኩለት አላስታውስም፤ ይቺን ግን ራሱ ያነባታል። የተሳሳተ አንቀጽ ካገኘም በመገናኛችን ቀን በሁላችሁ ፊት እንደሚያርመኝ አልጠራጠርም።